በባቡር ውስጥ የአማርኛ ሰሌዳና የድምፅ ማሳወቂያ፦ ፊደሉ ይቆረጣል፣ ጣቢያው ይቀድማል

ፉርጎ_ኤሌክትሪክ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ለከተማ ቀላል ባቡር የሚሆን የመንገደኛ መረጃ ሥርዓት በዎርክሾፕ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን፣ የተቀዳ የጉዞ ዳታ እያጫወትንበት ነው። የውስጥ ሰሌዳና የድምፅ ማሳወቂያ ማለቴ ነው። ለሙከራ የወሰድነው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርን የጣቢያ ዝርዝር ነው። የአያት–ጦር ኃይሎችና የቃሊቲ–ምኒልክ አደባባይ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሀዲድ ስለሚጋሩ፣ እዚያ ላይ ያልተሳሳተ ፕሮግራም ሌላ ቦታ አይሳሳትም ብለን ነው።

ዕቃው ይህ ነው፦ አንድ ዋና ኮንትሮለር በ24 ቮልት፤ በየክፍሉ 128 በ16 ነጥብ የሆነ ቢጫ ኤልኢዲ ሰሌዳ፣ ከነጥብ ነጥብ 3 ሚሊ ሜትር፤ 60 ዋት አምፕሊፋየር በ100 ቮልት መስመር፣ እያንዳንዳቸው በ6 ዋት የታሰሩ ስምንት ስፒከሮች ያሉት፤ የጂፒኤስ መቀበያ፤ የአክስል ዙር የሚቆጥር ሴንሰር፤ ከባቡሩ የሚመጣ «በር ተከፍቷል» ሲግናል።

የሚያስቸግሩን ነገሮች፦

በመጀመሪያ የአማርኛው ስም በሰሌዳው ላይ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ነበር የሚመጣው። ኮዱን ወደ ዩቲኤፍ-8 (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል የሚይዝ የጽሑፍ ኮድ) ስንቀይረው ፊደሉ መጣ፣ ረጅም ስም ግን መሐል ላይ ይቆረጥና መጨረሻው ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ይቀራል። «ዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ» የሚለው «ዳግማዊ ምኒልክ አ» ላይ ያበቃል። «ጦር ኃይሎች» ግን ሙሉ ነው።

ሁለተኛ፣ ማሳወቂያው ከመነሻው ልክ ሆኖ ይጀምርና እየቆየ ይቀድማል። ሰባት ያህል ጣቢያ ካለፈ በኋላ ገና ያልደረስንበትን ስም ይጠራል። አንዳንዴ ደግሞ ቆመን እያለ በአንድ ጊዜ ሁለት ጣቢያ ይዘላል።

ሦስተኛ፣ ድምፁ ተቆራርጦ የተሰፋ ይመስላል፣ የመጀመሪያው ክፍለ ቃልም ይዋጣል፤ «ቀጣዩ» የሚለው «ጣዩ» ይሆናል። የባቡር ጩኸት ስናጫውትበት ደግሞ ከኋላ ክፍል ምንም አይሰማም።

ከየትኛው ብንጀምር ይሻላል? ቁጥር ያለው መልስ ብታገኙልኝ ደስ ይለኛል።

ነጥብ_በነጥብ

ወንድሜ፣ የሰሌዳውን ነገር ልያዝልህ።

ሳጥኑ የመጣው የሰሌዳው ካርድ ጽሑፍ በጂቢኬ፣ ማለትም ለቻይንኛ በተሠራ ኮድ፣ ሲጠብቅ ስለነበረ ነው። ጂቢኬ ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም። ይህን አልፈሃል። መቆረጡ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ ባዶ ቦታ 1 ባይት። «ዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ» 13 ፊደልና 2 ክፍተት ነው፣ ስለዚህ 41 ባይት። ያንተ የስም ቦታ 30 ባይት ላይ የተገደበ መሆን አለበት፤ እስከ «አ» ድረስ 29 ባይት ነው፣ 30ኛው የ«ደ» የመጀመሪያ ሲሶ ብቻ ነው፣ ያ ነው ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ የሚታይህ። «ጦር ኃይሎች» 19 ባይት ስለሆነ በሰላም ገባ። ቦታውን ወደ 64 ባይት አስፋው፣ ፕሮግራሙም ሲቆርጥ በባይት ሳይሆን በፊደል እንዲቆርጥ አድርግ። በእንግሊዝኛ ወይም በላቲን በሚጻፍ አፋን ኦሮሞ ብቻ የሞከረ ሰው ይህን ስህተት በፍጹም አያየውም፤ እነሱ ላይ አንድ ፊደል አንድ ባይት ነው።

እኔ የምመርጠው ግን ሌላ መንገድ ነው፦ ጽሑፍ አትላክ፣ ሥዕል ላክ። የጣቢያ ስም በየቀኑ አይቀየርም። እያንዳንዱን ስም ኮምፒውተር ላይ በጥቁርና ነጭ፣ 128 በ16 ነጥብ አድርገህ አዘጋጅ። አንዱ ሥዕል 2048 ቢት ማለትም 256 ባይት ነው፤ የ39ኙም ጣቢያ 10 ኪሎ ባይት አይሞላም። ካርዱ የትኛውን ኮድ ያውቃል የሚለው ጥያቄ ከነጭራሹ ይቀራል፣ እያንዳንዱን ነጥብም አንተ ትወስናለህ።

ፎንት ስትመርጥ ወፍራምና ቀጭን መስመር የሚያፈራርቁትን ተዋቸው። ኒያላና አቢሲኒካ ወረቀት ላይ ያምራሉ፤ በ16 ነጥብ ቁመት ላይ ግን ቀጭኑ መስመር ይጠፋል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የመስመሩ ውፍረት እኩል ስለሆነ ለመነሻ ይሻላል። የጠርዝ ማለስለሻውን አጥፋ። ከዚያ በእጅ አርም፤ ይህን ሥራ የሚተካ አውቶማቲክ ነገር የለም። የምታርመው በዋናነት ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው የቀለበት እግር ነው፦ «ሲ» እና «ሴ» የሚለዩት ቀለበቱ መሐሉ ክፍት ሆኖ ሲታይ ነው፣ ለዚያ ቢያንስ 3 በ3 ነጥብ ስጠው፣ መሐሉን አንዱን ነጥብ አጥፋ። ሁለተኛው የራስ ምልክት ነው፦ ና እና ኛ፣ ት እና ች፣ ሰ እና ሸ። የላይኛው ምልክት ከፊደሉ አካል ጋር ከተጣበቀ መገናኛ «መገናና»፣ ጦር ኃይሎች «ጦር ኃይሎት» ሆኖ ይነበባል። ለማረጋገጫ መገናኛን፣ ሰባተኛንና ጦር ኃይሎችን ውሰድ፤ እነዚህ ከሩቅ ከተነበቡ ሌላውም ይነበባል።

ለላቲን የተሠራውን 7 ነጥብ ቁመት ለአማርኛ ለመጠቀም የሚሞክር አለ። አይሆንም። ለአማርኛ 16 ትንሹ ነው፣ 24 ካገኘህ ውሰደው።

ንባቡ ከስንት ሜትር ነው ካልክ፣ በአውሮፓ ኅብረት የባቡር ተደራሽነት ደንብ (ቁጥር 1300/2014) ያለው ስሌት ቀላል ነው፤ የንባብ ርቀት በሚሊ ሜትር ለ250 ሲካፈል የፊደል ቁመት ይሰጥሃል። ከ16ቱ ረድፍ 14ቱን ብትጠቀም 42 ሚሊ ሜትር ነው፣ ስለዚህ እስከ 10.5 ሜትር። አንዱ የባቡር ክፍል 10 ሜትር ያህል ከሆነ በቂ ነው፣ ከዚያ ከበለጠ በየክፍሉ ሁለት ሰሌዳ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ተንሸራታች ጽሑፍ። ይኸው ደንብ ሁለት ነገር ይላል፦ እያንዳንዱ ቃል ሙሉ ሆኖ ቢያንስ 2 ሰከንድ ይታይ፣ ፍጥነቱም በሰከንድ ከ6 ፊደል አይብለጥ። ለአማርኛ ሁለተኛውን ብቻ ካከበርክ የመጀመሪያውን ትጥሳለህ። አንድ ፊደል ከነክፍተቱ 14 ነጥብ ያህል ስለሚይዝ ሰሌዳህ የሚያሳየው 9 ፊደል ነው። ባለ አምስት ፊደሉ «አደባባይ» በሰከንድ 6 ፊደል ሲሮጥ ሙሉ ሆኖ የሚታየው ለ4 ፊደል መንገድ ብቻ ነው፣ ይኸውም 0.67 ሰከንድ። 2 ሰከንድ እንዲቆይ ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ፊደል መሆን አለበት፤ እንዲያ ሲሆን ሙሉው ስም ከቀኝ ገብቶ በግራ እስኪወጣ ከ11 ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ማንሸራተቱን ተወውና በገጽ አሳይ፦ «ዳግማዊ ምኒልክ» 118 ነጥብ ነው፣ ይገባል፤ 3 ሰከንድ። ቀጥሎ «አደባባይ»፤ 3 ሰከንድ። በ6 ሰከንድ አለቀ፣ ዓይንም አልሮጠም።

«ምኒልክ አደባባይ» ብቻ ብትለው 132 ነጥብ ይሆናል፣ በ4 ይበልጣል። የቃሉን ክፍተት ከ6 ወደ 4 አውርድ፣ ከሁለት ፊደላት አንድ አንድ ነጥብ ቀንስ፣ በአንድ ገጽ ይገባል። ሥዕል ላክ ያልኩህ ለዚህም ጭምር ነው።

ሀዲድ_ቆጣሪ

የጣቢያው መቅደም ከሁሉ ቀድሞ መስተካከል ያለበት ነው እላለሁ። ፊደሉ የተቆረጠበት ሰው ጣቢያውን በመስኮት አይቶ ይወርዳል፤ ስሙ የተሳሳተበት ማየት የተሳነው ሰው ግን ሌላ ቦታ ይወርዳል።

እያደገ የሚሄድ ስህተት የጎማ ልኬት ምልክት ነው። ሴንሰሩ ዙር እንጂ ሜትር አይቆጥርም፤ ሜትሩን የሚያወጣው ኮንትሮለሩ ነው፣ በተሞላለት የጎማ ስፋት (ዲያሜትር)። ለምሳሌ አዲሱ የብረት ጎማ 660 ሚሊ ሜትር ከሆነ በአንድ ዙር 2.07 ሜትር ይሄዳል። ተበልቶና ተቶርኖ 580 ሲደርስ 1.82 ሜትር ነው የሚሄደው። ኮንትሮለሩ ውስጥ 660 ተጽፎ ከቀረ እውነተኛውን 800 ሜትር 910 አድርጎ ይቆጥራል። በየጣቢያው 110 ሜትር ይቀድማል፣ በሰባተኛው ላይ 770 ሜትር ደርሷል፤ ይህም አንድ ጣቢያ ነው። የነገርከን ምልክት ከዚህ ጋር ገጥሟል። ዳታው በተቀዳበት ባቡር ላይ የጎማው ስፋት ስንት እንደነበረ ጠይቅና ያንን ሙላ። በሥራ ላይ ደግሞ ጎማ በተቶረነ ወይም በተቀየረ ቁጥር ይህ ቁጥር እንዲታደስ በጥገና ፎርሙ ላይ አንድ መስመር ይግባ፤ አለበለዚያ በአዲስ ጎማ ማግስት ስህተቱ ተገልብጦ ማሳወቂያው መዘግየት ይጀምራል።

ግን ልኬቱን ማስተካከል ብቻውን አይበቃም። ስህተቱ መከማቸቱ ራሱ ሌላ ጉድለት ያሳያል፦ ጣቢያ ስትደርስ ርቀቱ ወደ ዜሮ አይመለስም ማለት ነው። ፍጥነት ዜሮ ሆኖ በር ሲከፈት፣ የሚጠበቀው ጣቢያም ከ60 ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ ከሆነ፣ «ደርሰናል» ብሎ የርቀቱን ቆጠራ እንደገና ከዚያ ይጀምር። ያኔ ትንሽ የጎማ ስህተት ቢቀርም የአንድ ጣቢያ ርቀት ላይ ብቻ ታጥሮ ይቀራል።

ሁለት ጣቢያ የሚዘለው ደግሞ በሩ ተዘግቶ እንደገና ስለሚከፈት ነው። ሰው ላይ የተዘጋ በር መልሶ ይከፈታል፤ ያንተ ፕሮግራም ያንን እንደ አዲስ ጣቢያ ይቆጥረዋል። አንዴ «ደርሰናል» ካለ በኋላ ባቡሩ ቢያንስ 50 ሜትር እስኪሄድ ድረስ ሌላ የበር ሲግናል አይቀበል። በጣቢያዎች መካከል በችግር ምክንያት በር ሲከፈትም የ60 ሜትሩ አጥር ይጠብቅሃል።

ሴንሰሩ የተገጠመው ሞተር በሌለው አክስል ላይ መሆኑንም አረጋግጥ። ሞተር ያለው አክስል በዝናብ ጊዜ ሲነሳ ይንሸራተታል፣ ዙሩ ይቆጠራል፣ ባቡሩ ግን አልሄደም።

ስለ ጋራው ሀዲድ። ከስታዲየም ተነስቶ በለገሃር፣ በሜክሲኮና በተግባረ ዕድ እስከ ልደታ የጣቢያው ቅደም ተከተል ለሁለቱም መስመር አንድ ነው። ልዩነቱ የሚወጣው ከጫፎቹ ላይ ነው፦ ከልደታ በኋላ አንዱ ወደ ኮካ፣ ሌላው ወደ ዳርማር፤ በሌላው አቅጣጫ ከስታዲየም በኋላ አንዱ ወደ እስጢፋኖስ፣ ሌላው ወደ መሿለኪያ። የመስመር ኮዱ በስህተት ከገባ በእነዚህ አምስት ጣቢያዎች ውስጥ ስህተቱ በ«ቀጣዩ ጣቢያ» ላይ አይታወቅም፣ ሁሉም ልክ ይመስላል። ስለዚህ በጋራው ክፍል መዳረሻው በየጣቢያው ይነገር፣ ኮዱም አሽከርካሪው መነሻ ላይ ከሚያስገባው የጉዞ ቁጥር ይምጣ እንጂ በእጅ ከሚመረጥ ዝርዝር አይሁን። አቅጣጫው ደግሞ ከሚሠራው የአሽከርካሪ ክፍል ቁልፍ ይነበብ።

ፉርጎ_ኤሌክትሪክ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጎማው ቁጥር በእርግጥም 660 ነው የተሞላው። ግን ጂፒኤስ ካለን ጎማውን ሙሉ በሙሉ ትተን በእሱ ብቻ መሄድ አንችልም?

ሀዲድ_ቆጣሪ

አትችልም። ጂፒኤስ ክፍት ሰማይ ላይ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው የሚስተው፤ በረጃጅም ሕንፃ መካከል በአሥር ሜትሮች ይስታል፣ በምድር ውስጥ ደግሞ የለም። በምኒልክ አደባባይ ጫፍ ያለውን የምድር ውስጥ ክፍል አስብ። ከዋሻ ሲወጣ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ንባብም አይታመንም፤ ሳተላይቱ ቢያንስ 5 እስኪሆንና ቦታው ለጥቂት ሰከንድ እስኪረጋ ድረስ ችላ በለው።

ሥራቸውን አከፋፍላቸው። ጎማው በጣቢያዎች መካከል ያለውን ርቀት ይቁጠር፣ በሩ ያረጋግጥ፣ ጂፒኤሱ ዳኛ ይሁን። ጂፒኤስና ቆጠራው ከ150 ሜትር በላይ ከተለያዩ ሥርዓቱ ቀጣዩን ጣቢያ መጥራት ያቁም፤ ሰሌዳው መዳረሻውን ብቻ ያሳይ፣ ለአሽከርካሪውም መብራት ይብራ። በሚቀጥለው ጣቢያ በርና ጂፒኤስ ሲስማሙ ራሱ ይመለስ። ብዙ ሰው ይህን ዝምታ እንደ ብልሽት ያየዋል። እኔ ግን አጥብቄ የምጠይቀው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ዝም ያለ ባቡር ውስጥ ሰው ይጠይቃል፣ በልበ ሙሉነት የሚሳሳት ባቡር ውስጥ ግን አይጠይቅም።

«እየደረስን ነው» የሚለውን በክብ አጥር (በጂፒኤስ በጣቢያው ዙሪያ በተሰመረ ክብ) አታስነሳ። ሀዲዱ በሚታጠፍበት ቦታ ባቡሩ በአየር መስመር 250 ሜትር ላይ ሆኖ በሀዲድ 400 ሊቀረው ይችላል። በሀዲዱ ላይ በተለካ ርቀት አስነሳ።

አንድ ሌላ ወጥመድ፦ ኃይል። በ24 ቮልት ባትሪ ላይ ኮምፕረሰር ወይም የበር ሞተር ሲነሳ ቮልቴጁ ይወድቃል። በባቡር ላይ ለሚገጠም ኤሌክትሮኒክስ የወጣው ኢኤን 50155 ከ0.7 እስከ 1.25 እጥፍ፣ ማለትም ከ16.8 እስከ 30 ቮልት፣ ሳይቆም እንዲሠራ ይጠይቃል። ኮንትሮለሩ በ18 ቮልት እንደገና የሚነሳ ከሆነ ከመነሻ ጣቢያ ይጀምራል፣ መሐል መንገድ ላይም የመነሻውን ጎረቤት ይጠራል። የመጨረሻውን ጣቢያ፣ መስመሩንና አቅጣጫውን ኃይል ሲጠፋ በማይጠፋ ሜሞሪ ያስቀምጥ። ሲነሳም ጂፒኤስ እስኪያረጋግጥ ዝም ይበል።

የድምፅ_ክፍል

የድምፁን እኔ ልቀጥል።

መጀመሪያ ቀላሉ፦ «ጣዩ»። አምፕሊፋየሩ ሥራ ሲፈታ ይተኛል፣ ሲነቃ ሪሌው እስኪዘጋ ጥቂት መቶ ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል፣ ያ ጊዜ «ቀ»ን ይውጣታል። የማንቂያ መስመር ካለው ከፋይሉ 500 ሚሊ ሰከንድ ቀድመህ አንቃው። ከሌለው የሚያነቃው ድምፁ ራሱ ነውና በፋይሉ መነሻ ላይ አንድ ሰከንድ የሚሆን የደወል ድምፅ አስቀድም። ደወሉ ጆሮም ይሰበስባል፤ ሰው ወሬውን ያቆምና ስሙን ይሰማል።

የተሰፋ የሚመስለው ስሙ ለብቻው ስለተቀዳ ነው። ሰው «ሜክሲኮ» ብሎ ለብቻው ሲናገር ድምፁን መጨረሻ ላይ ያወርዳል። ያንን ወስደህ በ«ቀጣዩ ጣቢያ» እና በ«ነው» መካከል ብትከተው አረፍተ ነገሩ ሁለት ጊዜ ያልቃል። «ወደ» እና «ከ» ደግሞ ከስሙ ጋር ተጣብቀው ስለሚነገሩ በመቀስ አይገጠሙም። መፍትሔው ሙሉውን አረፍተ ነገር ለየጣቢያው መቅዳት ነው። 39 ጣቢያ፣ ሁለት ዓይነት አረፍተ ነገር፣ ሦስት ቋንቋ ብትል 234 ፋይል ነው። አንዱ 5 ሰከንድ፣ በ22.05 ኪሎ ኸርዝ፣ 16 ቢት፣ በአንድ ቻናል 220 ኪሎ ባይት ያህል ይይዛል፤ ሁሉም 52 ሜጋ ባይት ገደማ። ቦታ ለመቆጠብ ስም መቆራረጥ የቆየ ልማድ ነው፣ ዛሬ ምክንያት የለውም።

የምመክረው አነጋገር ስሙን ሁለት ጊዜ የሚጠራው ነው፦ «ሜክሲኮ። ቀጣዩ ጣቢያ ሜክሲኮ ነው።» የመጀመሪያው ያመለጠው በሁለተኛው ይይዘዋል። በኮምፒውተር የተሠራ ድምፅ ለጣቢያ ስም አትጠቀም፤ የአማርኛ ጽሕፈት ጥብቀትን ስለማያሳይ ማሽኑ የሚጠብቀውን ያላላል፣ የሚላላውን ያጠብቃል። ለድንገተኛ መልእክት ካስፈለገ አስቀድሞ በሰው ጆሮ የተፈተነ አረፍተ ነገር ብቻ ይሁን።

ከኋላ አለመሰማቱን በተመለከተ፣ ስምንት በ6 ዋት 48 ዋት ነው፣ ለ60 ዋት አምፕሊፋየር 20 በመቶ ይተርፋል፤ ዕቅዱ ጤነኛ ነው። መስመሩን ግን በኢምፒዳንስ ሜትር ለካው፤ በተራ ኦም ሜትር የምታየው በየስፒከሩ ላይ ያለውን የትራንስፎርመር ሽቦ ብቻ ነው። 208 ኦም አካባቢ መሆን አለበት። ከ167 በታች ከሆነ አንድ ስፒከር ከፍ ባለ ዋት ታስሯል ወይም መስመሩ ተነክቷል፣ አምፕሊፋየሩም ራሱን ለመጠበቅ ድምፁን ይቀንሳል። ቀጥሎ ፕላስና ማይነሱን እይ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ስፒከሮች አንዱ ከተገለበጠ በመካከላቸው የቆመ ሰው ጋ ድምፁ ይሳሳል፤ ሁለቱም «ይሠራሉ»፣ ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም።

ከዚያ ፋይሎቹ። ሁሉንም በእኩል ጉልህነት አስተካክል፣ ከ250 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጥ (ትንሽ ስፒከር አያወጣውም፣ ኃይል ብቻ ይበላል)፣ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ኸርዝ ያለውን በ3 ዴሲቤል ከፍ አድርግ። የድምፅ ኮምፕረሰር (ጮክ ያለውን ድምፅ ዝቅ የሚያደርገውን) ስትጠቀም መያዣ ጊዜው፣ ማለትም ድምፁን ዝቅ እስኪያደርግ የሚወስደው ጊዜ፣ ከ10 ሚሊ ሰከንድ አይነስ። እጅግ ፈጣን ከሆነ የቀ፣ የጠ፣ የጨ ፍንዳታ ይደፈጠጣል፣ በጩኸት ውስጥም ቀ ከከ፣ ጠ ከተ አይለይም። የውጭ ድምፅ ባለሙያ ለራሱ ቋንቋ ያስቀመጠው ቁጥር እንዳለ ለአማርኛ ሲወሰድ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

የድምፁ ከፍታ ቋሚ አይሁን። ማይክ ከማሳወቂያው በፊት ለ3 ሰከንድ የክፍሉን ጩኸት ይለካ፣ ማሳወቂያው ከዚያ በ10 እስከ 15 ዴሲቤል ይብለጥ። ማሳወቂያው ሲጀምር ልኬቱ ይቁም፤ ካልቆመ የራሱን ድምፅ እንደ ጩኸት ቆጥሮ ከፍ ከፍ ይላል። የላይና የታች ገደብም ስጠው፣ ማታ ባዶ ባቡር ውስጥ እንዳይጮህ። የጠቀሳችሁት የአውሮፓ ደንብ የንግግር ግልጽነት መለኪያ ቢያንስ 0.45 እንዲሆን ይጠይቃል፤ በኋላ ክፍል፣ በበሩ አጠገብ፣ በተቀመጠና በቆመ ሰው ጆሮ ከፍታ ለካ።

ጊዜውም ይሰላ። «እየደረስን ነው» 250 ሜትር ሲቀር ከተነሳ፣ በ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያ ርቀት 22 ሰከንድ ያህል ነው፤ ሦስት ቋንቋ በ5 ሰከንድ 15 ሰከንድ ከነደወሉ ይገባል። በሁለት ጣቢያ መካከል ከ500 ሜትር በታች ከሆነ ግን «ቀጣዩ» እና «እየደረስን ነው» ይደራረባሉ፤ ሁለተኛውን ተወውና የመጀመሪያውን ብቻ አሰማ።

ፉርጎ_ኤሌክትሪክ

እህቴ፣ በጣም አመሰግናለሁ። የስፒከሩን መስመር ለካነው፣ 150 ኦም ነው የሚያሳየው።

የድምፅ_ክፍል

150 ኦም ማለት 67 ዋት ገደማ ነው፣ ከ48ቱ 19 ይበልጣል። አንድ ስፒከር በ6 ፋንታ ወደ 25 ዋት የሚሆን የትራንስፎርመር ጫፍ ላይ ታስሮ ይሆናል፣ ወይም ሁለቱ በ15 አካባቢ። አንድ በአንድ ንቀልና ለካ፤ ለ6 ዋት እያንዳንዱ 1667 ኦም አካባቢ ይሰጥሃል። ሁሉም ልክ ከሆኑ ችግሩ ሽቦው ላይ ነው፣ በክፍሎቹ መገጣጠሚያ ላይ ያለውን የሚታጠፍ ኬብል ቀድመህ ፈትሽ።

ሰዓት_ጠባቂ

ማንም ያልነካው አንድ ነገር አለ፦ ሰሌዳው ላይ ሰዓት ታሳያላችሁ?

ቋንቋው በየ3 ሰከንዱ ሲቀያየር ሰዓቱ አብሮ መቀየር አለበት። በእንግሊዝኛው ገጽ 14:20 የሆነው በአማርኛው ገጽ ከቀኑ 8:20 ነው። ሰዓቱ በሰሌዳው ጥግ ላይ ተለይቶ ከቆመና ጽሑፉ ብቻ ከተቀያየረ ግማሹ ተሳፋሪ በስድስት ሰዓት ይሳሳታል። በከተማ ባቡር ላይ ብዙም አይጎዳ ይሆናል፤ እንደ አዲስ አበባ–ጅቡቲ ባለው ረጅም መስመር ላይ ግን የመነሻ ሰዓት ነውና ባቡር ያስመልጣል። በአማርኛው ሁልጊዜ «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ»፣ «ከሌሊቱ» ይጨመርበት፣ ልዩነቱም በፕሮግራም ውስጥ ስድስት ሰዓት በመቀነስ ይሠራ እንጂ ሁለተኛ ሰዓት ቆጣሪ አይቀመጥ፤ ሁለት ቆጣሪ ውሎ አድሮ ይለያያል።

በጣቢያ ሰሌዳ ላይ ከሰዓት ይልቅ የቀረውን ደቂቃ ማሳየት ይሻላል፦ «ጦር ኃይሎች በ4 ደቂቃ»፣ «ምኒልክ አደባባይ በ9 ደቂቃ»። ይህ በየትኛውም ሰዓት አቆጣጠር አንድ ነው። ከስታዲየም እስከ ልደታ ባሉት ጣቢያዎች ደግሞ መዳረሻው ከደቂቃው በፊት ይጻፍ፤ አንድ መድረክ ላይ ሁለት መስመር ስለሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው «የኔ ነው ወይ» የሚለውን ነው። የመስመሩን ቀለም ብቻ አትመኑ፣ ቀለም መለየት የሚያስቸግረው ሰው አለ፣ ቢጫ ሰሌዳም ቀለም አያሳይም።

የስሞች አጻጻፍም አንድ ይሁን። ኃይሎች ወይስ ሀይሎች፣ ዕድ ወይስ እድ፣ አንዱን መርጣችሁ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ አስቀምጡት፦ የጣቢያ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ የሰሌዳ ስም፣ የሌሎቹ ቋንቋዎች ስም፣ የድምፅ ፋይል፣ ከመነሻ ያለው ርቀት፣ የጂፒኤስ ነጥብ፣ በየአቅጣጫው የሚከፈተው በር ጎን። ሰሌዳውም ድምፁም ከዚያ አንድ ሠንጠረዥ ያንብቡ። ሁለት ፋይል ሲሆን አንዱ ይታረማል፣ ሌላው ይረሳል፤ ከዚያ ዓይን ሜክሲኮ ሲያነብ ጆሮ ለገሃር ይሰማል።

ፉርጎ_ኤሌክትሪክ

የጎማውን ቁጥር አስተካክለን፣ የ50 እና የ60 ሜትሩን ሁኔታ ጨምረን ዳታውን አጫወትነው፤ እስከ መጨረሻው ልክ ሄደ። ወደ ባቡሩ ከመውሰዳችን በፊት ምን ምን እንፈትን?

ሀዲድ_ቆጣሪ

ልክ የሄደ ዳታ ብዙ አያስተምርህም፣ ሆን ብለህ አበላሸው። ጂፒኤሱን ለ3 ደቂቃ ንቀል። በጣቢያዎች መካከል በር ክፈት። በአንድ ጣቢያ በሩን አራት ጊዜ ክፈትና ዝጋ። አንዱን ጣቢያ ሳትቆም እለፍ። በሜክሲኮና በተግባረ ዕድ መካከል ኃይሉን አጥፍተህ አብራ። የአሽከርካሪውን ክፍል መዳረሻ ላይ ሳይሆን መሐል መንገድ ላይ ቀይር። የተሳሳተ የጉዞ ቁጥር አስገባና ከልደታ ወደ ዳርማር ሂድ፤ ኮንትሮለሩ ኮካን ሲጠብቅ ጂፒኤስ ሲለይበት ዝም ማለት አለበት። የጎማውን ቁጥር በ5 በመቶ አዛባው፤ ጣቢያ ላይ ራሱን ማስተካከሉን እይ። በእያንዳንዱ ላይ ሰሌዳው ምን አሳየ፣ ድምፁ ምን አለ፣ ከስንት ሜትር በኋላ ተመለሰ የሚለውን ጻፍ። ከእነዚህ በአንዱም ላይ የተሳሳተ ስም ከጠራ ወደ ባቡሩ አትውሰደው።